ቦርጩ ይጥፋ፣ ጡንቻው ይቆይ፦ የትኛውን ልምረጥ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሁለት ወር ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ። ጠዋት ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን)፣ ምሳ ግማሽ እንጀራ፣ ማታ ሰላጣ። ሚዛን ላይ በወጣሁ ቁጥር ደስታዬ ሌላ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አንዲት የዘመድ አዛውንት አገኙኝና ትከሻዬን ጨበጥ ጨበጥ አድርገው «ምነው ልጄ፣ አሞህ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ቤት ስገባ ሸሚዜን አውልቄ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጉንጬ ገብቷል። ክንዴ ቀጥኗል። ቦርጬ ግን ትንሽ ተነፈሰ እንጂ የትም አልሄደም።

መክሳትና ስብ ማጥፋት አንድ አይደሉም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሚዛን ውሃውንም፣ ስቡንም፣ ጡንቻውንም፣ አንጀት ውስጥ ያለውን ምሳም ደርቦ ነው የሚመዝነው። ምግብ ስትቀንሱ ሰውነት የጎደለውን ከስብም ከጡንቻም ይወስዳል። ከየትኛው አብዝቶ እንደሚወስድ በዋናነት ሦስት ነገር ይወስነዋል፦ ምን ያህል እንዳጎደላችሁበት፣ በቂ ፕሮቲን ማግኘቱ፣ እና ጡንቻው የሚሠራው ሥራ ያለው መሆኑ። ስለዚህ ከታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ በአንድ ጥያቄ ነው የማበጥራቸው፦ ጡንቻዬን የሚያቆይልኝ የቱ ነው?

መቀነስ ያለባችሁ ናችሁ ወይ?

ይሄን ሰው ይዘለዋል። እጁና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ብቻ ወጣ ያለ ሰው አለ አይደል? እሱ ምግብ ቢቀንስ የሚያገኘው የባሰ ቅጥነት ነው። ለእሱ የሚሻለው የሚበላውን መጠን ሳይነካ ፕሮቲኑን ጨምሮ ብረት ማንሳት መጀመር ነው። ጀማሪ ሰው፣ ወይም አቋርጦ የተመለሰ፣ ስብ እየቀነሰ ጡንቻ መጨመር ይችላል። ዓመታት የሠራ ሰው ነው ይሄን ዕድል ብዙም የማያገኘው። ወፈር ያላችሁ ግን ቀንሱ፣ ቀጥሎ ያለው ለእናንተ ነው። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ኩላሊታችሁ ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቡ ከሆነ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ባንዴ ልጨርሰው ወይስ ቀስ በቀስ?

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በቀን 500 ካሎሪ ብታጎድሉ በሳምንት ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ይሄን ሲሰማ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። «ጓደኛዬ በአንድ ሳምንት ሦስት ኪሎ ቀነሰ» ይላችኋል። ቀንሷል፣ አዎ። ሰውነት ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚያከማቸው ስኳር እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንጀራና ዳቦ ሲቀንስ ያ ስኳር ያልቃል፣ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። አንድ ድግስ ላይ በደንብ ቢበላ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

ኖርዌይ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ስፖርተኞችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ሁሉም ብረት ያነሳሉ። አንዱ ቡድን በሳምንት ከክብደቱ 0.7 በመቶ፣ ሌላው 1.4 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ። በዝግታ የቀነሱት ጭራሽ ከስብ ውጪ ያለው ክብደታቸው በ2 በመቶ ያህል ጨመረ። የቸኮሉት ምንም አልጨመሩም።

የመቸኮል ጠበቃ ካስፈለገ ደግሞ ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራው እ.ኤ.አ. የ2016 ጥናት አለ። 40 ወፈር ያሉ ወጣት ወንዶች ለአራት ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው ምግብ 40 በመቶ ተቀነሰባቸው። ብዙ ፕሮቲን የበሉት 4.8 ኪሎ ስብ አጥተው 1.2 ኪሎ ያህል ጡንቻና መሰል ክብደት ጨመሩ። የሚያስጎመጅ ነው። ግን በሳምንት ስድስት ቀን እስኪደክማቸው ያሠሯቸዋል፣ ምግቡም ተለክቶ ይሰጣቸዋል። ቢሮ ውሎ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ማታ የልጅ የቤት ሥራ ለሚያሠራ ሰው ይሄ ኑሮ አይደለም።

የእኔ ምርጫ ዝግታው ነው። በሳምንት ከክብደታችሁ ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ400 እስከ 800 ግራም ማለት ነው። በጣም ወፍራም የሆነ ሰው መጀመሪያ ላይ ፈጠን ቢል ብዙ አይጎዳም፣ የሚበላለት ስብ አለው። እየቀጠናችሁ ስትሄዱ ግን ፍጥነቱን መቀነስ ነው። ከየት ልነሳ ካላችሁ ክብደታችሁን በ30 አባዙት፣ ከዚያ ላይ 400 ወይም 500 ቀንሱ። ለ80 ኪሎ ሰው ከ1,900 እስከ 2,000 ካሎሪ ይመጣል። ግምት ነው። ሁለት ሳምንት ሞክሩትና ሚዛኑ የሚላችሁን አይታችሁ አስተካክሉ።

ትሬድሚል ወይስ ብረት?

ሁለቱም ጥሩ ነው የሚለው መልስ ማንንም አይጠቅምም። ጊዜያችሁ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ብረት። አለቀ።

አንድ 80 ኪሎ ሰው ለአንድ ሰዓት ደህና አድርጎ ቢራመድ ከ250 እስከ 300 ካሎሪ ያቃጥላል። ሁለት ጠርሙስ ቢራ ያንን ይመልሰዋል። ካርዲዮ፣ ማለትም ሩጫና መሰሉ ልብ የሚያስመታ ነገር፣ ለልብና ለሳንባ አንደኛ ነው፣ ጡንቻችሁን ግን አይጠብቅላችሁም። ምግብ በጎደለበት ሰዓት ሰውነት ቆጣቢ ነው፣ የማይሠራ ጡንቻ መቀለብ አይፈልግም። ከባድ ነገር ስታነሱ «ይሄ ያስፈልገኛል» እንዲል ታደርጉታላችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፣ እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ሁለት ጊዜ ይድረሰው። ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት)፣ ቤንች ፕሬስ (ተንጋልሎ ብረት ወደ ላይ መግፋት)፣ ወደ ሰውነት የሚሳብ አንድ ነገር፣ ከትከሻ በላይ የሚገፋ አንድ ነገር። ካርዲዮውን በእግር ጉዞ ተኩት። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። አዲስ አበባ ዳገቱ በነፃ ነው።

እዚህ ላይ ጂም ውስጥ በየቀኑ የምሰማው አንድ ምክር አለ፦ «ለመቀነስ ቀላል ብረት፣ ብዙ ድግግሞሽ።» ተሳስቷል። ጡንቻውን የሠራው ከባዱ ብረት ከሆነ፣ ምግብ ስትቀንሱ እሱኑ አውልቃችሁ በቀላሉ መተካት ጡንቻውን ሥራ አጥ ማድረግ ነው። ከደከማችሁ የምትቀንሱት ብዛቱን ነው፤ አራት ዙር የነበረውን ሁለት አድርጉት፣ ኪሎውን ግን አትንኩ። ሌላው ደግሞ በቀን 200 ሲት አፕ እየሠሩ ቦርጭ መጠበቅ ነው። የሆድ ጡንቻ ይጠነክራል፣ በላዩ ያለው ስብ ግን ከየት እንደሚቀነስ የሚወስነው ተፈጥሯችሁ እንጂ ሲት አፑ አይደለም። ብዙ ወንድ ላይ ሆድ መጨረሻ ነው የሚሄደው። እህቶቼም ብረት አትፍሩ። ጡንቻ የሚያገዝፈው ሆርሞን ሴት ላይ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፣ ሳታስቡት ግዙፍ አትሆኑም።

አንድ ደብተር ግዙ። ባለ ሃምሳ ሉኩ ይበቃል። እያንዳንዱን ቀን ኪሎውንና ስንት ጊዜ እንዳነሳችሁ ጻፉ። ስኳት 60 ኪሎ ስምንት ጊዜ ታነሱ ከነበረ፣ አራት ኪሎ ቀንሳችሁም 60 ስምንት ጊዜ ከተነሳ፣ የሄደው በአብዛኛው ስብ ነው። 60ው ወደ አምስት፣ ከዚያ ወደ ሦስት ከወረደና ሁለት ሳምንት እንደዚያው ከቆየ፣ ምግቡን አብዝታችሁ ቀንሳችኋል ወይም እንቅልፍ የላችሁም። ለእኔ ይሄ ደብተር ከየትኛውም የስብ መለኪያ ማሽን ይበልጣል።

ፕሮቲኑ ከየት? ፍስክ፣ ጾም ወይስ ዱቄት

የእኛ ሰው ትልቁ ችግር እዚህ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ እወስዳለሁ።

የሚፈለገው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም ፕሮቲን ነው። 75 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ120 ግራም ይጀምራል። ብዙ ትርፍ ስብ ካላችሁ ልትደርሱበት በምትፈልጉት ክብደት አስሉት፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ያስፈራል።

በፍስክ ቀን ቀላል ነው። ሦስት እንቁላል 18 ግራም። 150 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 46። 100 ግራም ጮማ የሌለው የበሰለ ቀይ ሥጋ 26። አንድ ብርጭቆ ወተት 8። ይሄ ብቻ 98 ነው፣ የቀረውን ሽሮና እንጀራው ይሞሉታል። ክትፎም ጠላት አይደለም። ሥጋው ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ ሒሳቡን የሚያበላሸው ቅቤው ነው።

ጾም ሲገባ ነው ፈተናው። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ዓመቱን ሙሉ የምትጾሙ ከሆነ «በጾም አቆማለሁ፣ በፍስክ እጀምራለሁ» ማለት ግማሽ ዓመት ማቆም ነው። ደግሞ አያስፈልግም። 100 ግራም ጥሬ ምሥር ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። 60 ግራም የሽሮ ዱቄት 13 ያህል። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ደረቁ የጾም ሥጋ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ 60 ግራሙ 30 ይሰጣል። አንድ እፍኝ ለውዝ፣ 40 ግራም በሉት፣ 10። እንጀራውና ዳቦው ተደምሮ 15 ወይም ትንሽ በለጥ። ይኸው 90 አለፈ። ለ120ው ምሥሩን አሳድጉ፣ ወይም ከአተርና ከአኩሪ አተር የሚሠራ የፕሮቲን ዱቄት አንድ ጊዜ ጨምሩ። የእህል ፕሮቲን ከሥጋው ትንሽ ደከም ስለሚል በጾም ወደ ላይኛው ቁጥር ጠጋ ማለት ይሻላል።

ለውዝ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ፕሮቲን ነው» ተብሎ ፊልም እያዩ የሚበላ ነገር አይደለም። 100 ግራሙ 570 ካሎሪ ገደማ ነው። የተቀቀለ ሽምብራ በሦስት እጥፍ ያነሰ ካሎሪ ይዞ ሆድ ይሞላል።

ዌይ ፕሮቲን የምትገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዌይ ከወተት ነው የሚወጣው። ጾሙን እየጾማችሁ ዌይ የምትጠጡ አይቻለሁ፣ አውቃችሁ ከሆነ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፣ ሳታውቁ ከሆነ ግን አሁን አወቃችሁ። በዋጋ ስታወዳድሩ ደግሞ የቆርቆሮውን ዋጋ አትዩ። የአንዱን እንቁላል ዋጋ ለ6 አካፍሉት። የኪሎ ምሥሩን ለ240። የኪሎ ዌዩን ለ750። የአንድ ግራም ፕሮቲን ዋጋ ወለል ብሎ ይታያችኋል። ዱቄት ምግብ ነው፣ ተአምር የለውም። ጊዜ ከሌላችሁ ያዋጣል፣ ጊዜ ካላችሁ ምሥሩ ያሸንፋል።

የእማዬ ዘይት

ጾም ሳያቀጥን ሲቀር ሰው ይገርመዋል። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ቦርጩ ግን ይጨምራል። አንድ ዓርብ ወጥ ቤት ገብቼ እናቴ ሽሮ ስትሠራ በሾርባ ማንኪያ ለካሁ። እሷ በዓይኗ ነው የምትለካው፣ ከጀሪካኑ ቀጥታ ወደ ድስቱ። ጀሪካኑን ተቀብዬ እያፈሰስኩ ስቆጥር ዘጠኝ ማንኪያ ሞላ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ድስቱ ውስጥ ከ1,000 በላይ ካሎሪ ዘይት ብቻ ገባ ማለት ነው። ለአራት ነው የበላነው፣ ለእያንዳንዳችን 270 ደረሰን። ያውም ሽሮው ብቻ፣ ጎመኑና ድንቹ ሳይቆጠር።

«እማዬ፣ ቀነስ ብታደርጊውስ?» አልኳት።

«ያለ ዘይትማ ለበሽተኛ ነው የሚሠራው» አለች፣ ማንኪያውን ከእጄ እየነጠቀች።

ተደራደርን። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ማቁላላት፣ ሲይዝ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል፣ ዘይቱን ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ሦስት ማንኪያ ብቻ። ይሄን እሷም ታውቀዋለች፣ እኔ አላስተማርኳትም። አሁን ሽሮው ለአንድ ሰው 90 ካሎሪ ዘይት ነው ያለው። በቀን አንዴ ብትበሉት 180 ካሎሪ ሳትራቡ ወረደ ማለት ነው። እንጀራ ከመቁረጣችሁ በፊት ዘይቱን ቁረጡ። ውጪ የምትበሉ ከሆነ በያይነቱ ስታዝዙ ምሥሩንና ክኩን አብዙልኝ ማለት ይቻላል፣ ማንም አይቆጣም።

ሰዓት መቁጠር ወይስ መጠን መቁጠር?

በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ መብላት ፋሽን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የቻይና ጥናት 139 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። ሁለቱም ቡድን እኩል ካሎሪ ቀነሱ፣ አንዱ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ ይበላል። በመጨረሻ የክብደቱ ልዩነት ይሄ ነው የሚባል አልነበረም። ስለዚህ ሰዓቱ የሚጠቅማችሁ አብዝታችሁ እንዳትበሉ ከረዳችሁ ብቻ ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ በልታችሁ 11 ሰዓት አካባቢ ብረቱን ሥሩ፣ ማታ ሌላ ፕሮቲን ያለው እራት ጨምሩ። በረመዳን የምትጾሙም ከኢፍጣር በኋላ ብትሠሩ ይቀላል፣ ውሃም አለ። አሥር ሰዓት የጾመ ሰው ከባድ ስኳት ሥር ገብቶ ቢያዞረው ጥፋቱ የስኳቱ አይደለም።

ጂም ወይስ ቤት? በጀት ነው የሚወስነው። ኪሎው የሚቀያየር ሁለት ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚነሳ ብረት) እና ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) የሚሠራበት አንድ ብረት ካላችሁ ጀማሪ ሳላችሁ ቤት ይበቃል። እግር ግን ቶሎ ይቀልላችኋል፣ ያኔ ጂም ግቡ። ቅርቡ ይሻላል። ርቆ ያለ ቆንጆ ጂም ዝናብ ሲመጣ ይቀራል።

ጂም ለሚሠራ ሰው ከሚሸጡት ነገሮች አንድ ብቻ ከተባለ ክሬቲን፣ ለጡንቻ ጉልበት የሚያግዝ ዱቄት ነው። ሞኖሃይድሬት የሚባለው ዓይነት፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም። ጡንቻ ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ሚዛን ላይ ትንሽ ይጨምራል፣ አትደንግጡ፣ ስብ አይደለም። «ስብ ማቅለጫ» የሚባለውን ክኒን ግን ተዉት። ገንዘቡን እንቁላል ግዙበት።

እንቅልፍ የሚባል ነገር ደግሞ አለ፣ ማንም አይሰማም እንጂ። ቺካጎ ላይ የ10 ሰዎችን ምግብ ቀንሰው ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ የ8 ሰዓት ተኩል፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ የ5 ሰዓት ተኩል የመተኛ ጊዜ ሰጧቸው። ሚዛን ላይ የቀነሱት ተመሳሳይ ነው። እንቅልፍ ሲያጡ ግን የጠፋው ስብ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፣ የቀረውን የከፈለው ጡንቻና መሰሉ ነው። ስልኩን ሌላ ክፍል አሳድሩት።

ሚዛን ወይስ ሜትር?

ሁለቱም፣ ግን ሜትሩን እመኑ። የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ምንም ሳትበሉ እምብርታችሁ ላይ ለኩ። ሆድ ሳይሳብ! ሚዛኑን በየቀኑ ብትወጡበትም የሳምንቱን አማካይ ነው የምታዩት፣ ትናንት ጨው የበዛበት ከበላችሁ ዛሬ አንድ ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ወገባችሁ እየቀነሰ ሚዛኑ ዝም ካለ፣ ደብተራችሁ ላይ ያለው ብረት ደግሞ ከጨመረ፣ ምንም አትንኩ።

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ከሄዳችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት እረፉ፣ ማለትም የምታጎድሉትን መልሱት፣ ብረቱ ይቀጥል። እኔ ዕረፍቴን ፋሲካ ላይ አደርጋለሁ። በዶሮ ወጥ ፊት ካሎሪ የሚቆጥር ሰው እናቴ ቤት አይገባም። እንቁላሉን ሁለት እወስዳለሁ፣ መረቁን ትንሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት ስኳት አለ።